ነገ የሚመልስ ሰው

ዕረፍት የሚባለውን ነገር የፈጠረው ሰው ዘመድ ያልነበረው ሰው መሆን አለበት። ዘመድ ያለው ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚያገኘው ዕረፍት ሳይሆን ሌላ ሥራ ነው፤ ያውም ፈገግ እያሉ የሚሠሩት ሥራ።

ትኬት ቆራጯ ይህን የተረዳችው ገና ከአውሮፕላን ጣቢያው በር ሳትወጣ ነው። የባሏ ታላቅ እህት አክስቱንና የአጎቱን ልጆች ከኋላዋ አሰልፋ ትጠብቃለች። ወንድሟን አንገቱን አንቃ ሳመችው፣ ለቀቀችው፣ ደግማ አነቀችው። ከዚያ ወደ ትኬት ቆራጯ ዞራ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣

«ከስተሻል» አለቻት።

«ኧረ ወፍራለች!» አለች አክስትየዋ ከጎን።

ሁለቱ እዚያው በሩ ላይ ስለ ሥጋዋ ሲከራከሩ፣ የሥጋው ባለቤት ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ እንቅልፏ መጣ።

ስንት ዘመን የተጠበቀ ጉዞ መሰላችሁ! አንድ ጊዜ የዳቦ ቤቱ ምድጃ ተሰነጠቀ ተብሎ ባሏ ፈቃድ ተከለከለ። ሌላ ጊዜ የእሷ አለቃ፣ «ተጓዥ በዝቶ እያየሽ አንቺም ተጓዥ ልትሆኚ ነው?» ብሎ መለሳት። ከዚያ እናቷ ታመመች፤ ከዚያ እናቷን ቀበረች። ለሰው ሁሉ የመንገድ ትኬት ስትቆርጥ የኖረች ሴት፣ ለራሷ መንገድ ሲወጣላት ጉልበቷ አልቆ ነበር።

ከባሏ ጋር የተገናኙትም በምትሠራበት አውቶቡስ ጣቢያ፣ በትኬት መስኮቷ ላይ ነው። ያኔ ሁለቱም ልጆች ነበሩ። አንድ ማለዳ ቅንድቡ ድረስ የነጣ ወጣት ብቅ አለና ወደ ትልቁ ከተማ ትኬት ጠየቃት።

«ምነው፣ ዱቄት ውስጥ ነው እንዴ ያደርከው?» አለችው ልትቀልድበት።

«አዎ» አላት።

እውነቱን ነው። የሌሊት ዳቦ ጋጋሪ ነው። ያን ቀን የሚሄደው፣ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እህቱ ባሕር ማዶ ልትሄድ ስለሆነ እሷን ሊሸኝ ነው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ በመስኮቷ ፊት አለፈ። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ መጣና ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ መስኮቷ ላይ አስቀምጦላት ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ። የተሰለፉት መንገደኞች «እሱ ደግሞ ምን ያስቆርጣል?» ብለው እስኪያጉረመርሙ ድረስ ተመላለሰ። ዳቦ አስቀምጦ ከመሄድ በቀር አንድ ቃል አይወጣውም። ዳቦ ቤት ያሉት ባልንጀሮቹ «ጭጭ» ነው የሚሉት።

እሷ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንተ ሰው» አለችው አንድ ማለዳ፣ «ዳቦውን እየበላሁት ነው። ሰውየውንስ ምን ላድርገው?»

ጆሮው ቀላ። ምንም ሳይል ሄደ። በኀፍረት ቀኑን ሙሉ ስትቃጠል ዋለች፤ ለስንቱ መንገደኛ ወደማይሄድበት አገር ትኬት ቆረጠችለት። በማግስቱ ዳቦውን አስቀመጠና፣

«አግቢው» አላት።

አገባችው።

ጋጋሪ ሌሊት ይሠራል፤ ትኬት ቆራጭ ቀን ትሠራለች። እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች፤ የሚገናኙት ደረጃው ላይ ነው። እዚያ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው በማግስቱ ይመልሳል። ዛሬ «ግድግዳው ይቀባ» ትለዋለች፤ ነገ «ሰማያዊ» ይላታል። አለቀ፤ ተነጋገሩ ማለት ነው። ሌላ ባልና ሚስት በዚህ ተጣልቶ ይፋታ ነበር። እነሱ ለጠብም የሚሆን ጊዜ አልነበራቸውም። እንዲህ ሆነው ጠጉራቸው ሽበት ጣል ጣል አደረገበት።

ስለዚህ ትኬት ቆራጯ ከዚህ ጉዞ የፈለገችው ባሕሩንም ፎቁንም አይደለም። ባሏን በቀን ብርሃን፣ ጫማውን አውልቆ፣ የትም የማይሄድ ሰው ሆኖ ቁጭ ብሎ ልታየው ነበር። ሌላ ምንም።

እህቱ የምትኖረው ከዳቦ ቤቷ በላይ ነው። ባሏ ሲሞት የተወላት ዳቦ ቤት ነው። በመጡ በማግስቱ «ወንድሜ፣ ምድጃዬን አየት አድርግልኝ» አለችው። ምድጃ አይቶ የሚመለስ ጋጋሪ ማን አይቷል? ከዚያ በኋላ ትኬት ቆራጯ በየማለዳው ስትነቃ አጠገቧ ያለው አንሶላ ቀዝቅዞ ታገኘዋለች። ከታች የመጋገሪያ ትሪ ሲንኳኳ፣ የሊጥ ማቡኪያው ሲያጓራ ይሰማታል። ሰውየው ባሕር ተሻግሮ ሥራ ገብቷል!

ረፋድ ላይ ዓይኑ ተጨናቁሮ ይወጣል፤ ወዲያው ዘመድ ይመጣል። የአጎት ልጆች ይመጣሉ፣ የአጎት ልጆች ሚስቶች ይመጣሉ። ፎቶ ይነሣሉ። «ምነው አልወለዳችሁም?» የሚል አለ፤ «ምነው ቀድማችሁ አልመጣችሁም?» የሚል አለ። እሱ ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳለ አንገቱ ወደ ደረቱ ይወርዳል። እሷ በሁለት ሰው ፈንታ ትስቃለች። ማታ ማታ ጉንጯን ያማት ነበር።

አንድ ከሰዓት እንግዶቹ ሲሄዱ ብርጭቆ እያጠበች ሳለ፣ የባሏ እህት ወጥ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።

«ዙሪያ ጥምጥም አልወድም» አለች። «ወንድሜ እዚህ ይቀራል።»

ትኬት ቆራጯ ብርጭቆውን አላስቀመጠችውም። «ማን አለ እትዬ?»

«እኔ።»

«እሱስ?»

«ጠየቅኩት። እምቢ አላለኝም።»

«እሺስ አለሽ?»

«ወይ አንቺ! እሱ መቼ አፉ ተከፍቶ ያውቃል? እኔ ነኝ ያሳደግኩት፤ ፊቱን አይቼ ይገባኛል።» ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቀሚሷን ከፍ አደረገች። «ይህን እይው። እግር ነው ይኼ? ትራስ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እነዚያ ሁለት ቅጥር ልጆች ድንጋይ እየጋገሩ ደንበኛዬን ጨረሱት። እኔ ምድጃ ሥር መቆም አልችልም። ማን አለኝ?»

«እኔስ?»

«አንቺማ ሥራ አለሽ፣ ቤት አለሽ። ቀስ ብለሽ ትመጫለሽ። አንድ ቀን።»

ብርጭቆው ደርቋል፤ እሷ ግን ታብሰዋለች።

«እኔ አውሮፕላን ስሳፈር አንቺ በመስኮትሽ ትስቂለት ነበር» አለች እህትየው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በሄድኩበት ቀን ነው የወሰድሽብኝ። እስካሁን ኖርሽበት። አሁን ብትመልሺልኝ ምን ይጎድልሻል?»

እንደ ተዋሰችው ድስት! ሌላ ሴት ብትሆን ብርጭቆውን ወለሉ ላይ ትፈጠፍጠው ነበር። ትኬት ቆራጯ ግን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። መልሷን ለነገ አሳደረችው፤ ልማድ ነዋ።

ሌሎቹ ከተኙ በኋላ ጣራውን እያየች ያብሰለሰለችውን ማንም አልጠየቃትም። በመጨረሻ የደረሰችበት ነገር ይህ ነው፦ ሰውየው ደክሞታል። እዚህ እህት አለችው፣ የራሱ የሆነ ምድጃ ሊኖረው ነው። እሷ ጋ ያለው ምንድን ነው? ደረጃ። ደረጃ ላይ ለቆመ ትዳር ብላ ሰውን ከእህቱ ልትለይ ነው? ደግሞስ ቢፈልጋት በየማለዳው ከአጠገቧ ተነሥቶ ይሄድ ነበር?

በማግስቱ ሁለቱም አብሮ አደጓ ወደምትኖርበት ሌላ ከተማ ሊሄዱ ቀጠሮ ነበራቸው። እሷ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማለች፤ እሱ እስከ ክርኑ ነጥቶ ከታች መጣ።

«እህትህ ጋ መቅረት ከፈለግህ ቅር» አለችው። «እኔ አልይዝህም።»

ጆሮው ቀላ። አፉን ከፈተ። እሷ ግን ወርዳ ሄደች።

መንገድ አልጠፋትም፤ አውቶቡስ ጣቢያ የትም አገር አውቶቡስ ጣቢያ ነው። ቋንቋውን ባታውቅም የቆራጯን ፊት አይታ የትኛው ሰልፍ ቶሎ እንደሚያልቅ ታውቃለች። መቀመጫዋ ላይ አረፍ ብላ አውቶቡሱ ከከተማው ሲወጣ ግን ልቧ ዘጭ አለ። ምን ማድረጓ ነው? የግድግዳ ቀለም ይመስል ጣል አድርጋው መጣች! እሱ እንደሆነ የሚመልሰው ነገ ነው። ነገ ደግሞ እሷ እዚያ የለችም።

አብሮ አደጓን ሰፈር ውስጥ «ሬዲዮ» ይሏት ነበር፤ ባሕር መሻገሯ አላጠፋትም። ጣቢያው ላይ አቅፋት ሳትለቃት ስለ ልጇ ሠርግ፣ ስለ ወገቧ፣ ስለ ጎረቤቷ ውሻ ነገረቻት። ቤት ገብተው ሻይ ከቀዳች በኋላ ነው ዙሪያዋን ያየችው።

«ቆይ፣ ባልሽስ?»

ነገረቻት። ሬዲዮ አፏን ይዛ ሰማች፤ ይህ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው።

«እና ምን አለሽ?»

«ገና አልመለሰም።»

«ገና ማለት?»

«ነገ ነው የሚመልሰው።»

«ነገ?!» ሬዲዮ ሻይዋን አስቀመጠች። «ያገባሽው ሰው ነው ወይስ መሥሪያ ቤት? ነገ ተመለሺ የሚል ባል አለ እንዴ? ስጪ ቁጥሩን፣ አሁኑኑ ልደውልለት!»

«ተይው። ስልክ ላይ አይናገርም፤ ይተነፍሳል እንጂ።»

«እንግዲያውስ ይተንፍስ! ቢያንስ መኖሩን እናውቃለን።»

«ተይው አልኩሽ እኮ» አለች ትኬት ቆራጯ፣ ሬዲዮን እንኳ ዝም በሚያሰኝ ድምፅ።

በማግስቱ ሬዲዮ ሐይቁን አሳየቻት፣ ገበያውን አሳየቻት፣ የድሮ ጓደኞቻቸውን ሰብስባ አመጣችላት። ሁሉም ያወራል። ትኬት ቆራጯ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። የደረጃ ኮቴ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች፤ ኮቴው አልፎ ሲሄድ ትሰበራለች። ቀኑ እንዲሁ መሸ። አልደወለም፤ አልመጣም። አላለቀሰችም። እንግዶቹ ፊት ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳለች፣ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ሬዲዮ ነጠላ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋባት እንግዶቹን በዝግታ አሰናበተች።

መልሱ ይኼው ነው አለች ስትነቃ ለራሷ። ዝም ማለቱ ነው መልሱ። ሰው እንዲህም ይመልሳል።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ነው በሩ የተንኳኳው፣ ማንኳኳትም ሳይሆን መደብደብ። ሬዲዮ ከፈተች። የባሏ እህት እግሯን እየጎተተች ገባች፤ ከኋላዋ ጋጋሪው፣ ሸሚዙ ተጨማዶ፣ ጢሙ አድጎ፣ አውቶቡስ ውስጥ ያደረ ሰው መስሎ።

«ውሰጂ!» አለች እህትየው፣ ያገኘችው ወንበር ላይ ዘጭ ብላ። «ውሰጂ ባልሽን! እኔ አልቻልኩትም።»

«ምን ሆነ?» ትኬት ቆራጯ ብድግ አለች።

«ምን ያልሆነ አለ? አንቺ በሄድሽ በማግስቱ ማለዳ መጣና፣ ለስንት ቀን የለመንኩትን መልስ በሩ ላይ ቆሞ፣ ‹አልቀርም› አለኝ። አልቀርም! ከዚያ ኮቱን ለብሶ ብቻውን ወጣ። ይህ ሰው ከቤቱና ከዳቦ ቤቱ በቀር የሚያውቀው መንገድ አለ? ጣቢያ ይደርሳል። መስኮቱ ጋ ይቆማል። ወዴት ነው ቢሉት ምን ቢል ጥሩ ነው?» እህትየው ሬዲዮን አየቻት፣ እሷ ትፍረድ እንደማለት። «‹ሚስቴ ጋ› ይላል! በራሳችን ቋንቋ! ‹ሚስቴ ያለችበት!›»

ሬዲዮ ሳቋን በመሐረብ አፈነችው።

«ቆራጯ ግራ ገብቷት የሆነ ትኬት ሰጠችው። የትም ይሂድ ብላ። ወሰደው ወዲያ ማዶ፣ ድንበር አጠገብ! ትናንት ስፈልገው ውዬ ፖሊስ ደወለልኝ። በዚህ እግሬ ሄጄ አመጣሁት።»

ትኬት ቆራጯ ባሏን አየችው። ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ትኬት ገዝቶ አያውቅም፤ የትም ቢሄዱ የምትቆርጠው እሷ ነበረች። ያን ሁሉ ዓመት መስኮት ላይ የቆመ ሰው የሚሄድበትን አገር ስም መናገር እንዳለበት አልነገረችውም።

«በየማለዳው ከአጠገቤ ተነሥተህ ምድጃ ትወርድ ነበር» አለችው። «ልትቀር ካልሆነ ለምን?»

ጆሮው ቀላ። ወለሉን አየ። ሬዲዮ ትንፋሿን ይዛለች። እህትየውም እግሯን ማሸት ትታለች። እሱ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ትኬት ቆራጯም ያን ትንፋሽ ታውቀዋለች። ነገን ሊጠብቅ ነው።

«አይሆንም» አለችው። «ነገ የለም። አሁን።»

ቀና አለ። እንደ ተማሪ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።

«ሁለቱን ልጆች ሳስተምር ነበር» አለ። «ሊጡን አያሳርፉትም ነበር። አሁን ይችላሉ። እትዬን እንዲሁ ጥያት እንዳልሄድ ብዬ ነው።»

እህትየው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ለምን አልቀሰቀስከኝም? ለምን አልነገርከኝም?»

«ተኝተሽ ነበራ።» የሸሚዙን ጫፍ ጠቀለለ። «ቤት ሁልጊዜ ስገባ ነቅተሽ፣ ለብሰሽ ነው የማገኝሽ። ስትተኚ አይቼሽ አላውቅም። እዚህ በየማለዳው ስነሣ… ትንሽ ቆሜ አይሽ ነበር። ከዚያ እወርዳለሁ። ትተኛ ብዬ ነው።»

ትኬት ቆራጯ ስንት መልስ አዘጋጅታ፣ አንዱም ለዚህ የሚሆን አልነበረም።

«‹ቅር› አልሽኝ» አለ እሱ፤ ከተናገረ አይቀር ብሎ መሰለኝ። «የሰለቸሁሽ መሰለኝ።»

«እኔ ደግሞ ለእህትህ ልተውህ ነበር፣ አንተ ጅል!»

«እኔ ሌሊት መሥራት አልችልም ከእንግዲህ። ስንመለስ እነግራቸዋለሁ። ቀን ካላሠሩኝ እተወዋለሁ።»

«ትተህ ምን ትሠራለህ?»

«አላውቅም።»

«ዳቦ ካልሆነ ምን ትችላለህ?»

«ምንም አልችልም» አለ። ወዲያው ነው የመለሰው፣ ሳያስብ።

መጀመሪያ የሳቀችው እህትየዋ ናት። ሳቋ ግን አልቆየም፤ ወዲያው ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እጇን ዓይኗ ላይ አደረገች።

«ሁለተኛ ወሰድሽብኝ» አለች። «አሁንስ ዓይኔ እያየ።»

ትኬት ቆራጯ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ የሚጠየቅ ይቅርታ አልነበረም። ወንበር አምጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ያበጡትን እግሮቿን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገቻቸው። ጫማዋን ፈታችላት። የካልሲው ጠርዝ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀይ መስመር ሠርቷል። እህትየው ልትስብ ሞከረች፤ አለቀቀቻትም።

«ይኼን እግር ይዘሽ ነው ድንበር ድረስ የሄድሽው እትዬ?»

«ሌላ እግር የለኝማ።»

«ምግብ ይቀዘቅዛል» አለች ሬዲዮ። የሚሰማት አላገኘችም። «ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጀልባ ተከራይቼላችኋለሁ፤ ሐይቁ ላይ እንዞራለን፣ ጓደኞቻችንም…»

«ሬዲዮ» አለቻት ትኬት ቆራጯ፣ «አንቺ ሂጂ። እኛ አንሄድም።»

ሬዲዮ አኩርፋ ወጣች፤ ጀልባው ተከፍሎበታላ። እህትየው አፏን ከፍታ፣ እግሯ ትራስ ላይ፣ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ጋጋሪውና ትኬት ቆራጯ በረንዳው ላይ ባለችው አንዲት አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ፀሐይ አለ፤ የቀን ፀሐይ። ጫማውን አወለቀ። ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል።

እሷ ጠየቀችው፣ እሱ መለሰ። ድንበር ላይ ምን በላህ? ብስኩት። ፈራህ? አዎ። ፖሊሱ ምን አለህ? አልሰማሁትም። መልሱ ሁሉ አጭር፣ ደረቅ፣ ለወሬ የማይሆን ነው። እሷ ግን አሁንም አሁንም ጠየቀችው፤ ጥያቄና መልስ በአንድ ቀን ውስጥ ሲገጥሙ እንዴት እንደሆነ ማየት ነበር የፈለገችው። ከዚያ ጥያቄ አለቀባት።

ከታች መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፣ መኪና ያልፋል።

«ደክሞሻል?» አላት።

ጠይቋት አያውቅም ነበር። እሱም ገርሞት ነው መሰል ጆሮው ቀላ።

«በጣም» አለችው።

«እኔም።»

ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። የትም አልሄደም።